ለቡናችን ብሎክቼይን ከመግዛታችን በፊት ሚዛኑን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ቀነ ገደብ በተቃረበ ቁጥር "ቡናችንን በብሎክቼይን እንከታተል" የሚለው ሐሳብ በየስብሰባውና በየጋዜጣው ይነሳል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ገንዘቡና ጉልበቱ የሚፈሰው ወደ ሶፍትዌሩ ሲሆን፣ መረጃው የሚወለድበት የእሸት ቡና ሚዛን ግን በብዙ ቦታ ዛሬም የሚሠራው በደብተርና በእስክሪብቶ ነው። ብሎክቼይን፣ ማለትም ብዙ ወገኖች በየኮምፒውተራቸው የሚጋሩት ዲጂታል መዝገብ፣ አንዴ የተጻፈ ነገር በስውር እንዳይለወጥ ይጠብቃል። የተጻፈው ከመነሻው ሐሰት ከሆነም ሐሰቱን በዚያው ታማኝነት ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ ደንቡ የሚጠይቀውን ለይተን እንወቅ፤ አንዳንድ የሶፍትዌር ሻጭ ከሚጠየቀው በላይ አግንኖ ያቀርባልና። ቁጥሩ 2023/1115 የሆነው ደንብ ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ምርት ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ማቅረብ አለበት። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያ ድንበሩ ይጠየቃል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ የመገኛ ነጥብ (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ይበቃል። ነጥቡ ከዴሲማል በኋላ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል። ማስረጃው ለአምስት ዓመት ይቀመጣል። ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ አሁን ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለጥቃቅንና ለአነስተኛ ደግሞ ጁን 30 ቀን 2027 ሆኗል። ደንቡ ብሎክቼይን ተጠቀሙ ብሎ አያስገድድም። አስመጪው መግለጫውን የሚሞላው ኅብረቱ ባዘጋጀው ማዕከላዊ የመረጃ ሥርዓት ላይ ነው፤ የማሳዎቹ መገኛም ጂኦጄሰን በሚባል የፋይል ዓይነት ተዘጋጅቶ ይጫናል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ይይዛል፤ 19.2 ቶን ጥሬ ቡና ማለት ነው። አነስተኛው ገበሬ በሄክታር ከ6 እስከ 8 ኩንታል ጥሬ ቡና ያገኛል ብንል፣ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው በዓመት ከ3 እስከ 4 ኩንታል ያወጣል። በዚህ ሒሳብ አንድ ኮንቴይነር ከ48 እስከ 64 የሚደርሱ ገበሬዎች ቡና ነው። በተግባር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ገበሬው ምርቱን በአንድ ቀን አያስረክብም፤ የቀላውን እየለቀመ በ10 እና በ20 ኪሎ ያመላልሳል። ከፊሉን ለማኅበሩ፣ ከፊሉን ለግል ማጠቢያ ጣቢያ ይሰጣል፤ እጅ ሲያጥረው ደግሞ መንደር ለመንደር ለሚዞረው ሰብሳቢ ይሸጣል። ጣቢያው በአንድ ምሽት የሚቀበለው እሸት የመቶ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ተፈልፍሎና ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ የማን እንደሆነ የሚለየው የለም። ደንቡ በዚህ ላይ ርኅራኄ የለውም። ከማይታወቅ ማሳ የመጣ ቡና ከታወቀው ጋር ከተቀላቀለ ሁሉም ይወድቃል፤ "ከዚህ ውስጥ ይህን ያህል በመቶው ንጹሕ ነው" ብሎ ማካፈል አይፈቀድም።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚወሰነው በሚዛኑ ላይ፣ ገበሬው ቁሞ በሚጠብቅባት ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ቅምሻውም ይበላሻል። በዚህ ምክንያት ርክክቡ በሙሉ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ላይ ይከማቻል። መተግበሪያው ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ከፈጀ፣ መቶ ሰው ለመመዝገብ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሰልፉ ሲረዝም ገበሬው እሸቱን ለጎረቤቱ ሰጥቶ በአንድ ስም ያስመዝናል፤ መዝጋቢው ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ይዞ ማታ ስልኩ ላይ እያስታወሰ ይሞላል። ሁለቱም መዝገቦች በብሎክቼይኑ ላይ እንከን የለሽ ሆነው ይታያሉ።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በጉባኤ መድረክ ላይ ስለማያምር ብዙ አይወራለትም እንጂ። ዲጂታል ሚዛኑ ክብደቱን በብሉቱዝ በቀጥታ ወደ ስልኩ ይላክ፤ መዝጋቢው ቁጥር በእጁ ማስገባት አይችል። ገበሬው ኪውአር ኮድ ያለበት ፕላስቲክ ካርድ ይያዝ፤ ካርዱን ስካን ማድረግ፣ ጆንያውን ሚዛን ላይ ማውጣት፣ ማጽደቅ፣ በቃ። የባዶው ጆንያ ወይም ቅርጫት ክብደት አስቀድሞ ይመዝገብና ሶፍትዌሩ ራሱ ይቀንሰው። በየማለዳው ክብደቱ የታወቀ ባለ 20 ኪሎ መፈተሻ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ውጤቱ ይመዝገብ፤ ልዩነቱ ከ100 ግራም ካለፈ ርክክብ አይከፈት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተመዘነው ኪሎና የሚከፈለው ብር እዚያው ቆሞ ሳለ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም በትንሽ ፕሪንተር ለገበሬው ይድረሰው። ከገበሬው የተሻለ ኦዲተር የለም፤ የራሱን ኪሎ ያውቃል፣ በስሙ ያላስረከበው ቡና ሲመዘገብም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ኔትወርክ በሌለበት ቦታ መተግበሪያው ከመስመር ውጭ መሥራት አለበት። ይህን ሁሉም ሻጭ "ይሠራል" ይላል፤ የሚጠየቀው እንዴት ነው የሚለው ነው። ስልኩ እያንዳንዱን ርክክብ በራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈርምበት፤ ተከታታይ ቁጥር ይስጠው፤ የቀደመውን ርክክብ አሻራም (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ ኮድ) በአዲሱ ውስጥ ያስገባ። እንዲህ ከሆነ ስልኩ ከሦስት ቀን በኋላ ከተማ ገብቶ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ በመሃል የተሰረዘ ወይም የተጨመረ መዝገብ ካለ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ይታያል። ሰዓቱ ሌላ ጣጣ ነው። የስልኩን ሰዓት ማንም ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከተለመደው በስድስት ሰዓት ስለሚለይ መዝጋቢው በእጁ ከሞላ "8 ሰዓት" ያለው ከሰዓት በኋላ ይሁን ከንጋት በፊት አይታወቅም። የውጭ ድርጅቶች የሠሯቸው ቅጾች ጳጉሜን ሲደርስ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ብለው ይቆማሉ። ደንበኛው መንገድ ጊዜውን በውስጥ በዓለም አቀፉ ሰዓት ማስቀመጥና በስክሪኑ ላይ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ማጣሪያ የመጠን ሚዛናዊነት ነው። በታጠበ ቡና ስድስት ኪሎ እሸት በግምት አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይሰጣል። 6,000 ኪሎ እሸት የተቀበለ ጣቢያ ከደረቀ በኋላ ወደ 1,250 ኪሎ ቡና ከነገለባው፣ ከተፈለፈለና ከተበጠረ በኋላ ደግሞ ወደ 1,000 ኪሎ ጥሬ ቡና ይጠበቅበታል። 1,300 ኪሎ ጥሬ ቡና ላክሁ ካለ፣ ትርፉ ሦስት ኩንታል ካልተመዘገበ ማሳ ነው የመጣው። በገበሬው ደረጃም እንዲሁ ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ከ18 እስከ 24 ኩንታል እሸት ማስረከቡ የሚታመን ነው፤ በካርዱ 60 ኩንታል ከገባ የሌላ ሰው ቡና በስሙ እያለፈ ነው። ይህን የሚቆጣጠር ደንብ በብሎክቼይኑ ስማርት ኮንትራት (በመዝገቡ ላይ ራሱን ችሎ በሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ መጻፍ ይቻላል። አንድ ምክር ግን አለኝ፦ መጠኑ ከተገመተው ጣሪያ ሲያልፍ ሥርዓቱ ሚዛኑን አይቆልፍ። ምልክት ያድርግና ጉዳዩ በማግስቱ በሰው ይጣራ። ምሽት ላይ ሰልፍ ፊት የሚቆልፍ ሥርዓት ሰዎችን የሚያስተምረው የሌላ ሰው ካርድ መዋስን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማጣሪያው ምንም አያይም።

አሁን ስለ መገኛ ነጥቡ። ከዴሲማል በኋላ ስድስተኛው አኃዝ መሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተራ ስልክ ግን ሜዳ ላይ ከ3 እስከ 5 ሜትር፣ በጥላ ዛፍ ሥር ደግሞ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ይስታል። ስድስት አኃዝ መጻፉ ትክክለኛነትን አያመጣም፤ ስለዚህ ከነጥቡ ጋር ስልኩ ራሱ የገመተው የስህተት መጠን አብሮ ይቀመጥ፤ ከ10 ሜትር በላይ ከሆነም መዝጋቢው ጥቂት ቆይቶ ይድገመው። ነጥቡ የሚያዝበት ቦታም ከማሳው መሃል እንጂ ከገበሬው ደጃፍ አይሁን፤ መዝጋቢው ቡና ቀርቦለት በረንዳ ላይ እንደተቀመጠ የያዘው ነጥብ ማሳውን አያሳይም።

ከዚህ የከፋ ስህተት የሚመጣው ግን ከቢሮ ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫዎቻችንና የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የካርታ ልኬት መነሻ ላይ ሲሆን፣ የስልኩ ጂፒኤስና የአውሮፓው ሥርዓት የሚጠቀሙት ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ነው። ከይዞታ መዝገብ የተቀዳ ቁጥር ሳይቀየር በቀጥታ ከገባ ማሳው ወደ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይሸሻል። በካፋ ወይም በሸካ ሁለት መቶ ሜትር ማለት ከጓሮ ወጥቶ ጫካ መሃል መግባት ነው፤ ገበሬው ምንም ሳያጠፋ ደን ጨፍጫፊ ሆኖ ይመዘገባል። ሌላም አለ። ጂኦጄሰን መጀመሪያ የሚጽፈው ኬንትሮስን ነው፣ ቀጥሎ ኬክሮስን። ብዙ መተግበሪያዎች በተቃራኒው ያስቀምጣሉ። ጅማ 7.67 ሰሜን፣ 36.83 ምሥራቅ ላይ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀያየሩ ቡናው አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አቅራቢያ የበቀለ ይሆናል። ይህን የመሰለ ፋይል በብሎክቼይን ቢታተምም ያው አልጄሪያ ነው። ነጥቡ ከተመዘገበበት ቀበሌ ክልል ውጭ ከወደቀ የማይቀበል አንድ ቀላል ፍተሻ ከመዝገቡ በፊት መግባት አለበት።

የጥላ ቡና ጉዳይም ለብቻው ሊታይ ይገባል። ደንቡ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር የሚሰፋ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚበልጡ፣ የዛፍ ሽፋኑም ከ10 በመቶ በላይ የሆነን መሬት ነው፤ በእርሻ ሥር ያለን መሬት ግን ከደን አይቆጥርም። ሳተላይቱ ይህን ልዩነት አያይም። የዋንዛና የብሳና ጥላ ሥር ያለ የጓሮ ወይም የከፊል ጫካ ቡና ከላይ ሲታይ ደን ነው፤ ገበሬው ያረጀ የጥላ ዛፍ ሲቆርጥ ደግሞ ምንጣሮ ይመስላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ማስረጃ ማሳው እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በፊት ቡና እንደነበረበት የሚያሳይ የይዞታ ሰነድ፣ የማኅበር አባልነት መዝገብና ቀን ያለው ፎቶ ነው። ብሎክቼይን እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ሥራ አለው፤ እነዚህ ሰነዶች ክርክር ሲነሳ እንዳልተፈበረኩ ያሳያል። ይህን የሚያደርገው ግን ቀድመው ከተመዘገቡ ብቻ ነው። ዘንድሮ የገባ ሰነድ ዘንድሮ መኖሩን እንጂ በ2020 መኖሩን አይመሰክርም።

አሁን ወደ መዝገቡ ራሱ ልምጣ። በጋራ መዝገብ ላይ ምን ይጻፍ? መልሴ፦ ከሚታሰበው በጣም ያነሰ። ሻ-256 በሚባለው ስሌት ማንኛውም ፋይል 64 ፊደልና አኃዝ ወዳለው አሻራ ይለወጣል፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትነካ አሻራው ሌላ ይሆናል። ሰነዱ፣ ፎቶውና የማሳው ነጥብ በባለቤቱ ሰርቨር ይቀመጡ፤ በጋራው መዝገብ ላይ አሻራው፣ የሎቱ (አንድ ላይ የተጠቃለለው ቡና) መለያ፣ ክብደቱና የርክክቡ ፊርማዎች ብቻ ይጻፉ። የመረጃው አቀራረብም ጂ ኤስ ዋን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ባወጣው ኢፒሲአይኤስ በሚባል መስፈርት ይሁን፤ 2.0 እትሙ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አለ። መስፈርቱ ጆንያዎች ወደ አንድ ሎት ሲጠቃለሉ፣ እሸት ወደ ጥሬ ቡና ሲለወጥ፣ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድሞ ወስኗል። አዲስ መፍጠር አያስፈልግም፤ ሻጩን መቀየር ቢያስፈልግም መረጃው ታስሮ አይቀርም።

የገበሬው ማንነት እዚያ ላይ አይጻፍ። አንዳንዶች "የፋይዳ ቁጥሩን አሻራ እንጽፋለን፣ አሻራ ወደ ኋላ አይፈታም" ይላሉ። ይህ ስህተት ነው። የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ስለሆነ ሊኖሩ የሚችሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ ትሪሊዮን ናቸው። በሴኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር አሻራ የሚያሰላ አንድ ግራፊክስ ካርድ ሁሉንም በደቂቃዎች ውስጥ ሞክሮ ባለቤቱን ያገኘዋል። ለእያንዳንዱ ገበሬ ከፋይዳ ቁጥሩ ጋር ምንም ስሌት የማያገናኘው የዘፈቀደ መለያ ይሰጠው፤ ማገናኛው ሰንጠረዥ በማኅበሩ ወይም በዩኒየኑ እጅ ይቆይ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሊሰረዝ በማይችል መዝገብ ላይ የሰው ስምና የማሳ ቦታ ከተጻፈ፣ ባለመረጃው ይጥፋልኝ ሲል የሚሰጠው መልስ የለም። ማገናኛው ሲሰረዝ ግን መዝገቡ ላይ የቀረው መለያ ለማንም ምንም አይነግርም።

ማን ይጻፍ፣ ማን ይያዘው? ነገሩ ሁሉ የሚፈርሰው ወይም የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ብሎክቼይን ትርጉም የሚኖረው እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ የማይተማመኑ ወገኖች አንድ መዝገብ ሲጋሩ ነው። ሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ ተቋም የመረጃ ማዕከል፣ በአንድ አስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ሥር ከተቀመጡ፣ ያ ኤሌክትሪክ የሚያባክን ዳታቤዝ ነው፤ ፖስትግሬስ የተባለው ተራ ዳታቤዝ በየዕለቱ ከሚፈረም ቅጂ ጋር ያንኑ ሥራ በጥቂት ወጪ ይሠራዋል። ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ በሚባለው የተቋማት ብሎክቼይን ሶፍትዌር የተለመደው፣ ሰርቨሮቹ በአንድ መዝገብ የሚስማሙበት ራፍት የሚባለው አደራደር ከአምስት ሰርቨሮች ሁለቱ ቢወድቁ ሥራው አይቆምም፤ ነገር ግን የሚከላከለው መውደቅን እንጂ መዋሸትን አይደለም። መዋሸትንም ለመቋቋም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 3.0 እትም የተጨመረው ሌላ አደራደር አለ፤ እሱ አንድ ከሐዲ ለመቋቋም አራት፣ ሁለት ለመቋቋም ሰባት ወገን ይፈልጋል። ሰባቱ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ ምርት ገበያው፣ ጉምሩክ፣ ሁለት ዩኒየኖች፣ የላኪዎች ማኅበርና በቡና አካባቢ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሆኑ የሚከፋ አይመስለኝም። ሰርቨሮቹ ግን በእርግጥ በየራሳቸው ግቢና በየራሳቸው ቁልፍ ሥር ይሁኑ። በዚህ ላይ የዕለቱን መዝገብ ጠቅላላ አሻራ በቀን አንዴ በአንድ የታወቀ ሕዝባዊ ብሎክቼይን ላይ ማኖር ይቻላል፤ 32 ባይት ብቻ ስለሆነ ወጪው ኢምንት ነው፤ ሰባቱም ተስማምተው ያለፈውን ዓመት እንዳይለውጡም ያግዳል።

ርክክብ የሚጸናው ሰጪም ተቀባይም ሲፈርሙ ብቻ ይሁን። ጣቢያው 42 ኩንታል ልኬ ነበር ቢል፣ የማበጠሪያው ሚዛን 41.3 ቢያሳይ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ይቀመጡ። በመንገድ ላይ እርጥበት ይቀንሳል፣ ጆንያ ይቀደዳል፣ ይሰረቃልም። ቁጥሩን አስማምቶ መጻፍ የለመደ ሰው ልዩነት ሲያይ "ማስተካከል" ይፈልጋል፤ ሥርዓቱ ይህን መፍቀድ የለበትም። ስህተት ቢኖር የሒሳብ ሠራተኛ እንደሚያደርገው በማካካሻ መዝገብ ይታረም፤ የመጀመሪያው እንዳለ ይቆይ። የማኅበሩ ጸሐፊ ስልክ ሲጠፋም ቁልፉ በስንት ሰዓት ውስጥ ይሻራል፣ ማንስ ይሽረዋል፣ አዲሱን ማን ይሰጠዋል የሚለው በጽሑፍ ይቀመጥ። የለቀማ ወቅት ላይ ስልክ ይጠፋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ከሌሎች የምንማረውም አለ። የመርከብ ድርጅቱ ማርስክና የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2018 ትሬድሌንስ የተባለ የመርከብ ጭነት ብሎክቼይን ጀምረው ነበር። ከዓለም ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች በርከት ያሉት ገብተውበታል። በኖቬምበር 2022 ይዘጋል ተባለ፤ በ2023 መጀመሪያ ላይም ጠፋ። ባለቤቶቹ የሰጡት ምክንያት የኢንዱስትሪው ሙሉ ትብብር አልተገኘም የሚል ነበር። በእኔ ግምት አንድ ተወዳዳሪ የያዘውን መዝገብ ሌላው ተወዳዳሪ ከልቡ አይሞላም። የአሜሪካው የችርቻሮ መደብር ዋልማርት ግን ተሳክቶለታል፤ የተቆራረጠ ማንጎ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅ የነበረውን ወደ 2.2 ሴኮንድ አወረደ። ይህን ሲጠቅሱ ብዙዎች የሚረሱት ዋልማርት አቅራቢዎቹን ማዘዝ የሚችል ገዢ መሆኑን ነው። እዚህ ማነው የሚያዘው? በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 የያኔው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን ከሠራው ኩባንያ ጋር በቡና ክትትል ላይ የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር፤ የአገሪቱ የቡና ወጪ ንግድ የሚሄድበት መዝገብ ግን ከዚያ አልተወለደም። ሰነድ መፈራረሙ ቀላሉ ክፍል ነው።

ስለ ዋልማርት ካነሳሁ አይቀር፣ ከማንጎው የበለጠ ለእኛ የሚጠቅመው የካናዳው ዋልማርት ነው። እዚያ በ70 ያህል የጭነት ድርጅቶች ደረሰኝ ላይ የማያቋርጥ ክርክር ነበር፤ ከደረሰኞቹ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ያጨቃጭቁ ነበር። ሁለቱም ወገን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ የነዳጅ ክፍያና የመቆያ ጊዜን በአንድ የጋራ መዝገብ ላይ ማጽደቅ ሲጀምሩ ክርክሩ ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ወገን፣ አንድ ክስተት፣ በመካከሉ ገንዘብ። የጅቡቲ መንገዳችን ልክ እንዲህ ነው። መኪናው ወደብ የገባበት ሰዓት፣ የተጫነበት ሰዓት፣ በጋላፊ ወይም በደወሌ ያለፈበት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰበት፣ ባዶ ኮንቴይነሩ የተመለሰበት፤ ባለንብረቱ፣ ትራንዚተሩ፣ አስመጪውና የመርከብ ድርጅቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ወረቀት ይዘው ስለ መቆያ ክፍያ ይጨቃጨቃሉ። እዚህ ላይ መረጃው የሚወለደው በበር ላይ ስለሆነ፣ የኮንቴይነሩና የማኅተሙ ቁጥርም ስላለ፣ እንደ እሸት ቡናው በመቶ እጅ አያልፍም። ብሎክቼይን ለመሞከር የቸኮለ ተቋም ካለ ከቡናው በፊት በዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ይሁንና ለቡናው ጨረታ መውጣቱ ካልቀረ፣ በሰነዱ ውስጥ ሦስት ፈተናዎች እንዲገቡ አሳስባለሁ፤ ተጫራቾች በስላይድ ሳይሆን በእነዚህ ይለካሉ።

አንደኛ፣ ኔትወርክ በሌለበት ጣቢያ፣ በጥቅምትና በኅዳር የለቀማ ምሽት፣ መቶ ሰው በአንድ ሚዛን ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይመዝግቡ። በማግስቱ ኔትወርክ ሲገኝ አንድም መዝገብ ሳይደገም፣ ሳይጠፋ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ገምጋሚው ሆን ብሎ የተበላሸ መረጃ ያስገባ። ኬክሮስና ኬንትሮሱ የተቀያየረ ማሳ፣ በአዲንዳን የተጻፈ ነጥብ፣ ከመሬቱ ስፋት ሦስት እጥፍ ያስረከበ ገበሬ፣ ከገባው እሸት የበለጠ ጥሬ ቡና ያወጣ ጣቢያ። ሥርዓቱ ስንቱን ይይዛል? ሁሉንም "በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል" ካለ ቀሪውን ማየት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ኩባንያው ነገ ሥራ ቢያቆም ምን እንደሚሆን ያሳይ። ሙሉው መረጃ በክፍት መስፈርት ወጥቶ፣ የኩባንያው ሰው በሌለበት፣ በሌላ ሰርቨር ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ተነስቶ አንድ የ320 ጆንያ ኮንቴይነር እስከ ማሳዎቹ ድረስ ይፈለግ። ትሬድሌንስ ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ የነበራቸው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ደንቡ ደግሞ ማስረጃውን ለአምስት ዓመት ይጠይቃል። መረጃውን የማውጣቱ ወጪም በመጀመሪያው ውል ውስጥ ይካተት፤ በኋላ ሲጠየቅ ዋጋውን የሚተምነው ኩባንያው ብቻ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
የአቅርቦት ሰንሰለት መረጃ ባለሙያ
አዲስ አበባ